ንጉሥ ያስጻፈው ታሪክ ምኑ ይታመናል?

ታሪክ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ዘመኔን ሁሉ ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ይሄማ ንጉሡ ያስጻፈው ነው፤ ምኑ ይታመናል?» ይሉኝ ነበር። መጠርጠራችሁ ደስ ይለኛል። ግን ጠርጥራችሁ ብቻ አትተዉት። አንድ የፋርስ (የዛሬዋ ኢራን) መጽሐፍ ላሳያችሁ።

ራሺድ አል-ዲን የሐማዳን ተወላጅ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ የሰለመ ሐኪም ነበር። ኋላ ኢራንን ይገዛ የነበረው የሞንጎሉ ጋዛን ኻን ወዚር፣ ማለት ሚኒስትር፣ ሆነ። ጋዛን የሞንጎሎችን ታሪክ እንዲጽፍ አዘዘው። ጋዛን በ1304 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሲሞት ወንድሙ ኦልጀይቱ የቻይናም፣ የሕንድም፣ የፈረንጅም ታሪክ ይግባበት አለ። «ጃሚ አል-ተዋሪኽ» (የታሪኮች ስብስብ) የሚባለው መጽሐፍ እንዲህ ተወለደ።

የገዢዎቹ ፍላጎት አይደበቅም። ቅድመ አያታቸው ሁላጉ በ1258 ባግዳድን ያጠፋ ሰው ነው። የልጅ ልጆቹ ደግሞ በፋርስ ዙፋን ላይ እንደ ባለቤት መታየት ፈለጉ። ቢሆንም ራሺድ ስለ ሞንጎሎች የጠየቀው ከቻይና የመጣውን የሞንጎል ሹም ቦላድን ነው። ስለ ሕንድና ስለ ቡድሃ ያስረዳው ደግሞ ካማላሽሪ የሚባል የካሽሚር ሰው ነው። ያለ ቤተ መንግሥት ገንዘብ እነዚህን ሰዎች ማን ያገናኛቸው ነበር?

አሁን ወደ ስዕሎቹ እንምጣ። በ1314 ገደማ በኢራን ታብሪዝ ከተማ ከተዘጋጀው የዐረብኛ ቅጂ የተረፈው ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ክፍል ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ስዕሎቹ ወደ ጎን የሰፉ ናቸው። ቀለማቸው ስስ ስለሆነ ሥራውን የሚሠራው መስመሩ ነው። ተራራውና ዛፉ የቻይና ስዕል ይመስላል። ፊትና ልብስ ላይ የምታዩት ጥቁር ነገር ጥላ እንዳይመስላችሁ። ለማድመቂያ የተቀባ ብር ነው፤ በዘመን ብዛት ጠቁሯል።

የጋዝናው (የዛሬዋ አፍጋኒስታን) ሱልጣን ማህሙድ የሚዋጋበትን ገጽ በደንብ እዩት። ማህሙድ የሞተው በ1030 ነው። ወታደሮቹ ግን የሞንጎል ጥሩር ለብሰዋል። ስለ ማህሙድ ዘመን ከጠየቃችሁት ስዕሉ አይረባም። ሠዓሊው በየቀኑ ስላየው ሠራዊት ከጠየቃችሁት ግን ምስክርነቱ ትልቅ ዋጋ አለው። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ምስክር በጣም እወዳለሁ፤ ማንም እንዲመሰክር አላዘዘውምና።

ራሺድ ራሱ የቤተ መንግሥት ፍቅር እንደማይዘልቅ የገባው ይመስለኛል። ሥራዎቹ በየዓመቱ በዐረብኛና በፋርስኛ ተገልብጠው ወደ ከተሞች እንዲላኩ ወቅፍ፣ ማለት ገቢው ለበጎ ሥራ የሚውል ቋሚ ንብረት፣ አቆመ። በ1318 ኦልጀይቱን መርዘሃል ተብሎ ተገደለ፤ ታብሪዝ ያቋቋመው ሰፈርም ተዘረፈ። ቅጂዎቹ ግን ተረፉ።

የኤዲንብራውን ክፍል ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። ስልክ አይበቃውም፤ በኮምፒውተር አጉልታችሁ እዩት። ጽሑፉን ከማንበባችሁ በፊት ባርኔጣውን፣ ጫማውን፣ የፈረሱን ኮርቻ እያያችሁ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ጽሑፉን ከዚያ በኋላ አንብቡት።