ማንም ያልከሰሰኝ ስህተት

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንድ ማታ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሲያድግ ያየሁት ልጅ ደወለልኝ። «እትዬ፣ እማዬን ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል ብለዋታል። እኔ ግን እምቢ በይ ልላት ነው» አለኝ። ምነው ስለው፣ ስልኩ ላይ ያየውን ነገረኝ። አሜሪካ ውስጥ ከልብ በሽታና ከካንሰር ቀጥሎ ሰው የሚጨርሰው የሐኪም ስህተት ነው ይላል። አልተቆጣሁትም። ከ30 ዓመት በላይ ሆስፒታል ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ይህን ወሬ ሰምቶ የፈራ እሱ የመጀመሪያው አይደለም። ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፍ አልኩ።

ወሬው የተነሳው በ2016 እ.ኤ.አ. ሁለት የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሳተሙት ጽሑፍ ነው። በዓመት 251,454 ሰው ይላል። እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ሲጻፍ ሟቾቹ አንድ በአንድ የተቆጠሩ ይመስላል። ማንም አልቆጠራቸውም። ቀድሞ የተሠሩ ጥቂት ጥናቶችን አማካይ ወስደው፣ በ2013 በመላ አገሪቱ ሆስፒታል በተኙት ሰዎች ብዛት አባዙት። አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ በዓመት የሚሞተው ሰው 700 ሺህ ገደማ ነው። እንግዲህ ከሦስት ሟቾች አንዱን የገደለው ሐኪም ነው ማለት ነው። ስንት ሌሊት ከሟች አልጋ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ይህን ልቀበል አልችልም። በ2020 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያሰሉት፣ መከላከል ይቻል የነበረው ሞት በዓመት 22 ሺህ ገደማ ሆነ።

22 ሺህም ቢሆን ብዙ ነው። ግን «መትረፍ ይችል ነበር» የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርጋችሁ መርምሯት። በ2001 የታተመ አንድ ጥናት በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የሞቱ 111 ሰዎችን መዝገብ ለሐኪሞች አስነበበ። ሩብ ያህሉ ሞት ምናልባት መከላከል ይቻል ነበር ተባለ። ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ቀረበላቸው፦ ሕክምናው እንከን ባይኖረው ኖሮ፣ ሰውየው አእምሮው ሳይታወክ ሦስት ወር ይኖር ነበር ወይ? ቁጥሩ ወደ 0.5 በመቶ ወረደ። ሆስፒታል የሚሞት ሰው ብዙውን ጊዜ ሲገባም ነፍሱ ቋፍ ላይ ነች።

ይህን የምነግራችሁ ሐኪም አይሳሳትም ለማለት አይደለም። እኔ ተሳስቻለሁ። የአንዲት አሮጊት የፖታሲየም፣ ማለትም መጠኑ ሲዛባ ልብን የሚያውክ በደም ውስጥ ያለ ማዕድን፣ ውጤት ከላብራቶሪ መጥቶ ሳለ ዘግይቼ አየሁት። ልባቸው ምቱን ሳተ። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ለልጃቸው ነገርኳት። ከሳምንት በኋላ ድፎ ዳቦ ጋግራ አመጣችልኝ። ዛሬም ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ የሳቸው ነገር ነው። የተከሰስኩት ግን በሌላ ሰው ነበር፤ መደረግ ያለበትን ሁሉ ባደረግኩለት ሰው። ሦስት ዓመት ፈጅቶ ክሱ ቀረ። በክስ ቆጠራ ውስጥ እሱ አለ፣ እሳቸው የሉም።

ይህ የኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። በ1984 ኒውዮርክ ሆስፒታሎች የተኙ የ30 ሺህ ያህል ሰዎች መዝገብ ሲመረመር፣ በቸልተኝነት ከተጎዱት አብዛኞቹ አልከሰሱም። ከከሰሱት ደግሞ ብዙዎቹ ላይ ቸልተኝነት አልተገኘም።

ስለዚህ የሐኪም ስም ጎግል አድርጋችሁ አንድ ክስ ብታገኙ አትደንግጡ። ከ1991 እስከ 2005 በነበሩት ዓመታት ከአንጎል ቀዶ ሐኪሞች በየዓመቱ 19 በመቶው ይከሰሱ ነበር፣ ከሥነ አእምሮ ሐኪሞች ግን 3 በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ሥራው ነው የሚለየው። ደጋግሞ ካሳ የከፈለ ሐኪም ካገኛችሁ ግን እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

ልጁን ቀዶውን ታድርግ አላልኩትም። ወረቀት አምጣ አልኩት። ባይደረግላት ምን ትሆናለች? ሐኪሙ ይህን ቀዶ በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል? ሌሊት ማን ያያታል? ጻፈ። መልሶ ሲያነብልኝ አንድ የራሱን ጨምሮ ነበር፦ «ስህተት ቢፈጠር ይነግሩናል?»

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። አብሬያቸው እሄዳለሁ።