«በ09 የሚጀምር የለም» ያለው ኤክሴል እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የላካችኋቸው ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ናቸው፤ ይሄ ጽሑፍ በእንዲህ ይጀምራል ወይስ አይጀምርም? አራት ኪሎ አንድ ማኪያቶ አዝዤ ቁጭ አልኩና መለስኳቸው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ሱቅ አለኝ። የደንበኞቼን ስልክ ኤክሴል ላይ አስገብቼ በ09 የሚጀምሩትን በካውንትኢፍ (COUNTIF፣ ሁኔታውን የሚያሟሉትን የሚቆጥረው ፎርሙላ) «09*» ብዬ ብቆጥር ዜሮ አለኝ። ሁሉም እኮ 09 ናቸው!

መልስ፦ እስቲ ሴሉን ደህና አድርገሽ እዪው። ወደ ቀኝ ተጠግቶ 911 ብሎ ነው የሚጀምረው አይደል? ኤክሴል ስልኩን እንደ ብር ቆጥሮት ፊት ያለችውን ዜሮ በልቷታል፤ ካውንትኢፍ ደግሞ በኮከብ ምልክት ስትፈልጊ የሚያየው ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም። አሁን ሴሉን ወደ ጽሑፍ ብትቀይሪውም የተበላችው አትመለስም። እኔ በራይት (RIGHT) የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች አወጣና ከነሱ በሌፍት (LEFT) የመጀመሪያዋን አያለሁ። 9 ከሆነች ኢትዮ ቴሌኮም፣ 7 ከሆነች ሳፋሪኮም፣ 1 ከሆነች የ011 መደበኛ ስልክ። በ0 ይጀምር በ251 ግድ የለሽም። መሃል ላይ ስፔስ ካለ ግን ቀድመሽ በሰብስቲትዩት (SUBSTITUTE) አጥፊው። ደግሞ ሌፍት የሚመልሰው ጽሑፍ ስለሆነ 9ኙን በጥቅስ ውስጥ አድርጊው፤ እኔ በዚህች ነገር አንድ ከሰዓት በኋላ አቃጥያለሁ።

ጥያቄ፦ ታብሎ (Tableau፣ መረጃ በግራፍ የሚያሳየው ሶፍትዌር) ላይ በስታርትስዊዝ (STARTSWITH፣ «በእንዲህ ይጀምራል ወይ?» የሚለው ትእዛዝ) በ«ኃይ» የሚጀምሩ ስሞችን ፈለግኩ። ከማውቃቸው ኃይሉዎች ግማሾቹ የሉም።

መልስ፦ አሉ! አንዱ ሀይሉ፣ አንዱ ሃይሉ፣ ሌላው ኀይሉ ተብሎ ተመዝግቦ ነው። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ድምፅ አይሰማም፣ የሚያየው የዩኒኮድ ቁጥሩን ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፊደል ይለያያል። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸም ያው ናቸው። በሪፕሌስ (REPLACE፣ አንዱን ፊደል በሌላ የሚተካው) ሁሉንም ወደ አንድ የሚያመጣ አዲስ ካልኩሌትድ ፊልድ (በፎርሙላ የሚሠራ ኮለም) ሥራና እዚያ ላይ ፈልግ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አንዱንም አትዝለል። ዋናውን ስም ግን እንዳትነካ፣ ሰው ስሙ መታወቂያው ላይ እንዳለው እንዲጻፍለት ነው የሚፈልገው። እና «መ» ብለህ ማርታን አትጠብቅ፤ ለኮምፒውተሩ መ እና ማም ሁለት ፊደሎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰፈሩ በ«አራት ኪሎ» ሲጀምር ሽያጩን ደምር አልኩት፤ ድምሩ አነሰብኝ።

መልስ፦ ልጆቹ «4 ኪሎ» ብለው ያስገቡትስ? «4ኪሎ»ስ? በኦር (OR፣ «ወይም») ጨምራቸው። በኪሎ የሚያልቀውን ሁሉ ልውሰድ ካልክ አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎም ተግተልትለው ይመጡልሃል። ፒያሳ ይሻላል፤ ፒያዛ ብሎ የጻፈም ቢኖር «ፒያ» ሁለቱንም ይይዛል። ካዛንቺስንና ካሳንቺስን በ«ካ» እይዛለሁ ስትል ግን ካራ የሚባለው ሰፈርም ይገባል።

ጥያቄ፦ ፓንዳስ (pandas፣ የፓይተን የመረጃ መሥሪያ) ላይ በስታርትስዊዝ ላጣራ ስል ኢረር ይሰጠኛል።

መልስ፦ ኮለሙ ውስጥ ባዶ አለ። ባዶው ትሩም ፎልስም ሳይሆን ስለሚቀር ስታርትስዊዝ ውስጥ ኤንኤ የምትለዋን ፎልስ አድርጋት (na=False)፣ ያልፍልሃል።