«ሐበሻ ነህ፤ ዳገት ምን ያደርግሃል?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሂዩስተን የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። እዚህ ከመጣሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። አምና የኮሌጃችን የብስክሌት ቡድን ውስጥ ገባሁ። በግንቦት መጨረሻ ቡድኑ ኮሎራዶ ውስጥ ዱራንጎ ወደምትባል የተራራ ከተማ ይሄዳል። ከዚያ እስከ ሲልቨርተን በሚደረገው ግልቢያ ልንሳተፍ ነው። ችግሩን ያመጣሁት እኔው ነኝ። አንድ ቀን በጨዋታ መሃል «እኔ እኮ ያደግኩት ተራራ ላይ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ «ዳገቱን ለሱ ተዉለት፤ ሳንባው የሐበሻ ነው» ይላሉ። ሂዩስተን ውስጥ ዳገት ማለት ደግሞ የመኪና ድልድይ ነው። ምን ላድርግ? ዘጠኝ ሆነን በአንድ ቫን ሄደን፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ነው የምናድረው። ምግቡስ እንዴት ይሆናል? ለእናቴም ገና አልነገርኳትም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ኮሎራዶ ኮሌጅ ስማር በቡድናችን ውስጥ ያለሁት ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያችን ወሬ እኔም አውርቻለሁ። «ሀገሬ ከዚህ ይበልጣል» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ያመጣብኝን ቆይቼ እነግርሃለሁ።

እስቲ መጀመሪያ ከፍታውን እንየው። ዱራንጎ ራሷ 2,000 ሜትር ገደማ ናት። ከአዲስ አበባ ታንሳለች! ሲልቨርተን 2,800 ሜትር ያህል ስለሆነች ከኔዋ ደብረ ብርሃን ጋር እኩያ ናት። ጉዱ ያለው መሃል ላይ ነው። ሁለት ከፍታዎች አሉ። ኮል ባንክ 3,243 ሜትር ነው፤ ሞላስ ደግሞ 3,325። ለሽሮ ሜዳ ልጅ በቀላሉ ላስረዳህ፦ ኮል ባንክ ማለት እንጦጦ ጫፍ ነው። እሱን ወጥተህ ጥቂት ትወርድና እንደገና ከእንጦጦ በላይ ትወጣለህ። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ሂዩስተን ከለመድከው ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። እግርህ ደህና ሆኖ ሳለ ትንፋሽህ ያጥርሃል።

ልጅነትህ አይረዳህም ወይ? ትንሽ ሳይረዳህ አይቀርም። ግን ከፍታ ላይ ስትኖር የተጨመረው ቀይ የደም ሴል ወደ ቆላ ስትወርድ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። አንተ ሦስት ዓመት ሙሉ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ ሳትል ከርመሃል። ደምህ ሂዩስተንን ለምዷል። ጽጋቡ ግርማይ ከማይጨው ተነስቶ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ለዚያ ያበቃው ተራራ ላይ መወለዱ ብቻ አይደለም። ስንት ዓመት ፔዳል ረግጦ ነው።

ስለዚህ ቫኑ ውስጥ እውነቱን ንገራቸው። «ያኔ አፌ አምልጦኝ ነው፤ እኔም እንደናንተው ነኝ» በላቸው። ከ1,000 ማይል በላይ አብራችሁ ትነዳላችሁ፤ ጊዜ ሞልቷል። ይስቁብሃል። ይሳቁ። ያኔ ግን በራስህ ፍጥነት ትወጣለህ። ካልነገርካቸው የመጀመሪያው ዳገት ላይ ለክብር ብለህ ትፈተለካለህ፣ ከዚያ ኮል ባንክ ላይ ቆመህ ታቃስታለህ። ከራሴ ስለማውቀው ነው።

ግልቢያው እንዴት እንደተጀመረ ታውቃለህ? ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። አንዱ ከዱራንጎ ወደ ሲልቨርተን በሚሄደው የእንፋሎት ባቡር ላይ ይሠራል። ሌላው በብስክሌት እቀድምሃለሁ አለው፤ ቀደመውም። እሱን ይዘው በ1972 (እ.ኤ.አ.) ግልቢያውን ጀመሩት፤ ስሙንም ‹አይረን ሆርስ›፣ የብረት ፈረስ አሉት። ባቡሩ ዛሬም አለ። መጀመሪያ ላይ መንገዱና ሐዲዱ በሸለቆው ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። ፊሽካውን ስትሰማ ልብህ ይዘላል፤ እግርህም አብሮ ሊዘል ይፈልጋል። ተወው። ይህ ሜዳ ነው፤ ንፋሱን ከሚከላከልልህ ሰው ኋላ ተለጥፈህ ጉልበትህን የምታስቀምጥበት ነው። ቆይቶ ባቡሩ ወንዙን ተከትሎ ገደል ውስጥ ይገባል፣ አንተ ወደ ተራራው ትዞራለህ። ግልቢያው የሚጀምረው እዚያ ነው።

ለማርሽ አትኩራ። ከኋላ ያለው ትልቁ ማርሽ 32 ወይም 34 ጥርስ ያለው ይሁን። የሂዩስተኑን ማርሽ ይዘህ ከሄድክ ጉልበትህ ይጮሃል። ቡድናችሁ ውስጥ መካኒክ ነገር የሚሞክር ልጅ አይጠፋምና ከሳምንት በፊት አስቀይር። የመጨረሻው ቀን ሌሊት ላይ ቫን ውስጥ በእጅ ባትሪ ማርሽ ሲያስተካክሉ ያደሩ ልጆች አውቃለሁ። ጠዋት ሰንሰለቱ ወለቀ።

አሁን ወደ እውነተኛው ጭንቀቴ ልምጣ። ዳገት ቢያቃጥልህም አይገድልህም፤ ካቃተህ ትወርድና ትገፋለህ። እኔ የምፈራልህ ቁልቁለቱን ነው። ከሞላስ ወደ ሲልቨርተን ስትወርድ ላብ አርሶሃል፣ ሰዓቱ ገና ጠዋት ነው፣ በግንቦት መጨረሻ እንኳ እዚያ በረዶ ሊጥል ይችላል።

የኔን ልንገርህ። በዚያ «ሀገሬ ከዚህ ይበልጣል» ባልኩበት ዓመት ቀጭኗን የንፋስ ጃኬት ቫን ውስጥ ጥያት ሄድኩ። ትከብደኛለች ብዬ ነው፤ የአንድ እንቁላል ክብደት እንኳ የላትም! ሞላስ ጫፍ ስደርስ ማልያዬ በላብ ተጣብቋል። ቁልቁል ስጀምር ንፋሱ እንደ መርፌ ገባ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቼ የኔ አልመስል አሉ። ፍሬኑን በጣት መያዝ ሲያቅተኝ በመዳፌ ተጫንኩት። ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ መሪው አብሮኝ ይንቀጠቀጣል። ከታች ስደርስ የሄልሜቴን ማሰሪያ መፍታት አልቻልኩም። አንዲት የቡድናችን ልጅ ምንም ሳትል መጥታ ከአገጬ ሥር ጠቅ አድርጋ ፈታችልኝ። ጓንቷንም አውልቃ ሰጠችኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ከብርድ የተነሳ አለቀሰች። ውጤቱን እነግርሃለሁ ያልኩህ ይህ ነው።

ስለዚህ ጃኬትህ በማልያህ የኋላ ኪስ ይሁን። ረጅም ጣት ያለው ጓንት ጨምር። ጫፍ ላይ ሳትደርስ በፊት ሳይሆን ደርሰህ፣ ቆመህ ልበስ፤ ሠላሳ ሴኮንድ ነው። ጃኬት ከጠፋ ጋዜጣም ፌስታልም ከማልያ ሥር ደረት ላይ ይገባል፤ የድሮዎቹ ፕሮፌሽናሎችም ጋዜጣ ነበር የሚያደርጉት። ስትወርድ እጅህ ከመሪው ታችኛ መያዣ ላይ ይሁን። ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ያዝ እንጂ ውስጡ ገብተህ አትጨብጥ። የምታየው ገደሉን ሳይሆን የምትሄድበትን ነው።

አንድ ማስታወሻ። ጓደኞችህ ዳር መከለያ የሌለው የገደል መንገድ ቪዲዮ እያሳዩ ያስፈራሩህ ይሆናል። ያ በአብዛኛው ከሲልቨርተን ወዲያ፣ ወደ ዩሬይ የሚወስደው ነው። እናንተ አትደርሱበትም።

ከቻላችሁ ዱራንጎ አንድ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። መጀመሪያ ቀን ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ያለ ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውኃ ቶሎ ቶሎ ጠጣ። ቁጭ ብለህ ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ሰው የምትናገረው ካልገባው ግን ወኔ አያስፈልግም፤ ወደ ታች መውረድና ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ምግብ ላልከው፣ ግልቢያው ብዙውን ጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ጾም አያስቸግርህም። ልምምዱ ግን ዐቢይ ጾም ላይ ነው። ያኔ በሶ ያዝ። በውኃ በጥብጠህ፣ ማርና ትንሽ ጨው ጣል አድርገህበት ብትጠጣው ከብዙ የፈረንጅ ዱቄት አይተናነስም። ቆሎ ግን ዳገት ላይ እንዳታስበው! አንዴ እያለከለክሁ ዘግኜ ልታነቅ ነበር። ኋላ የመጣው ልጅ ጀርባዬን ሲመታኝ ሁለታችንም ልንወድቅ ስንል ለጥቂት ተረፍን።

ብዙ የኮሌጅ ቡድኖች ተማሪው ራሱ ነው የሚያንቀሳቅሳቸው። ቫኑን የሚነዳ ተማሪ፣ ሒሳቡን የሚይዝ ተማሪ፣ የሚያበስል ተማሪ። ሁለት ክፍል ለዘጠኝ ሰው ብርቅ አይደለም፤ እኔ መታጠቢያ ቤት በር ሥር አድሬያለሁ። የመኝታ ከረጢትና የጆሮ መድፈኛ ያዝ። የማብሰል ተራህ ሲደርስ ሽሮ ሥራላቸው፤ ከዚያ በኋላ የቡድኑ ሰው ነህ። ብቻ በርበሬውን ስታቁላላ መስኮት ክፈት። እኛ ያረፍንበት ሞቴል የጭስ ደወሉ ጮኸና እንግዳው ሁሉ በፒጃማ ወጣ። አሠልጣኛችን እያስነጠሰ «ይህ ምግብ ነው ወይስ መሣሪያ?» አለኝ። ድስቱ ግን ባዶውን ነው የተመለሰው።

ከሲልቨርተን ወደ ዱራንጎ እንዴት እንደምትመለሱ ደግሞ ቀድማችሁ ጨርሱ። እግር ሲያልቅ ማሰብም አብሮ ያልቃል።

ለእናትህ ዛሬውኑ ደውልላት። «ውድድር» በሚለው ቃል አትጀምር። «ከኮሌጅ ልጆች ጋር እንሄዳለን፣ ሄልሜት አለኝ፣ መንገዱ ለብስክሌት ተዘግቶልናል» በላት፤ ለግልቢያው እውነትም ይዘጋል። የቁልቁለቱን ነገር ከተመለስክ በኋላ ንገራት።

አንዲት እናት ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ደግሞ እንዲህ ብለዋል፦ «ልጄ ኮሌጅ ገብቶ ብስክሌት ጀመረ። አልከፋኝም። ባለፈው ሳምንት ከቡድኑ ጋር ተራራ ሄዶ ሲመለስ ግን እግሩን ተላጭቶ አየሁት። እንደ ሕፃን ለስልሷል። ልጄ ጤነኛ ነው? ለማን ልንገር?»

እናቴ፣ ለማንም አይንገሩ። ልጅዎ ደህና ነው። እግራቸውን የማይላጩ የውድድር ብስክሌተኞች ናቸው ጥቂቶቹ። አስፋልት ላይ ሲወድቁ ቆዳ ይገሸለጣል። ፀጉር ካለ ቁስሉ ውስጥ ይገባል፤ ማጠቡ ስቃይ ነው፤ ፋሻው ሲነሳ ደግሞ ያስለቅሳል። መታሸትም ያለ ፀጉር ይቀላል። ንፋስ ይቀንሳል የሚሉም አሉ። የቀረው ደግሞ ወግ ነው፤ ልክ ሙሽራ እንደሚኳል ማለት ነው። የዱራንጎው ልጅ ሴፕ ኩስ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ቩዌልታ የሚባለውን ትልቁን የስፔን የብስክሌት ውድድር ሲያሸንፍ እግሩ እንደ ልጅዎ እግር የለሰለሰ ነበር።

ይልቅ ጉልበቱና ክርኑ ላይ አዲስ ጠባሳ ካለ ይዩለት፤ ስለሱ አይነግርዎትም። ምላጩም የማን እንደሆነ ይጠይቁት።