ከደሴ ተነሥቶ ኦርቶፕቲስት ለመሆን በየት በኩል ነው?

ከሆጤ ሰፈር የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «የ5 ዓመት ወንድሜ አንድ ዓይኑ ወደ አፍንጫው ይዞራል። እናቴ ሲያድግ ይተወዋል ትላለች። እንግሊዝ ያለው አጎቴ ግን ኦርቶፕቲስት የሚባሉ ይህን የሚያክሙ ባለሙያዎች እንዳሉ፣ ደመወዝ እየተከፈላቸውም እንደሚማሩ ነገረኝ። ሙያውን ወደድኩት። እዚህ አንድ መነጽር ቤት በ3 ወር አሠለጥንሻለሁ ብሎኛል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ያንቺን ጥያቄ ትቼ መጀመሪያ ወደ ወንድምሽ ልሂድ። ሸውራራነት ሲያድግ ይተወዋል ብላችሁ አትጠብቁ። አንጎል ከዞረው ዓይን የሚመጣውን ምስል እየተወው ይሄዳል፤ ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማየት ይደክማል። በልጅነቱ ከተደረሰበት ይመለሳል፤ ከ7 ዓመት ወዲያ ግን እየከበደ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ ዓይን ክፍል ውሰጂው።

እግረ መንገድሽንም ሙያውን እይው። መርማሪው ትንሽ ሥዕል ልጁ ፊት ይይዝና አንዱን ዓይን ሸፍኖ ያልተሸፈነውን ያያል። ያ ዓይን ሥዕሉን ለመያዝ ሸርተት ካለ፣ ቀድሞ ሌላ ቦታ ይመለከት ነበር ማለት ነው። እንቅስቃሴው ፈጣን ስለሆነ አንቺ ዓይንሽን ካርገበገብሽ ያመልጥሻል። ልጁ አንዱ ዓይን ሲሸፈን ዝም ብሎ፣ ሌላው ሲሸፈን አልቅሶ እጅ ከገፋ ደግሞ የትኛው ዓይን እንደሚያይ ራሱ ነገረሽ። ኦርቶፕቲስት ቀኑን የሚውለው በዚህ ነው፤ የዓይንን እንቅስቃሴ ይለካል፣ ሁለት ሆኖ የሚታያቸውን ይመረምራል፣ ደህናውን ዓይን እየሸፈነ ደካማውን ያሠራል። ለመካከለኛ ድክመት በቀን 2 ሰዓት መሸፈን ከ6 ሰዓት እንደማያንስ እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ የታተመ ጥናት አሳይቷል። ያችን 2 ሰዓት ልጁ መሸፈኛውን ሳይነቅል እንዲቆይ ከእናቱ ጋር መመካከሩ ነው ትልቁ ሥራ። ትዕግሥት ከሌለሽ ከአሁኑ ተይው።

አጎትሽ እውነቱን ነው። እንግሊዝ ሆስፒታል ቀጥሮ፣ ደመወዝ እየከፈለ፣ ጎን ለጎን ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ በዲግሪ የሚያስመርቅበት መንገድ አለ። ግን እዚያው የመኖርና የመሥራት መብት ላለው ሰው ነው፤ ከደሴ ሆነሽ የምትገቢበት አይደለም። ሼፊልድና ሊቨርፑል ያለው መደበኛ ትምህርትም ለውጭ ተማሪ ክፍያው ቤት ያሸጣል።

እኛ ዘንድ ስሙን አትከተይ፣ ሥራውን ተከተይ። የልጆችን ዓይን የሚመረምሩልን ኦፕቶሜትሪስቶች (እይታን መርምረው መነጽር የሚያዙ ባለሙያዎች) እና የዓይን ሐኪሞች ናቸው፤ በሕክምና ዶክተርነት ዞሮ ወደ ዓይን ስፔሻሊቲ መግባት ረጅም ስለሆነ፣ ላንቺ የሚቀርብሽ በር ኦፕቶሜትሪ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪም በማስተርስም ያስተምራል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ከሆንሽ ፊዚክስ ላይ የብርሃንና የሌንስን ምዕራፍ አትዝለይው፤ ብዙ ተማሪ እዚያ ላይ ነው ኋላ የሚንገዳገደው። ስትመረቂ የመውጫ ፈተና፣ ከዚያም የሙያ ፈቃድ አለ።

ውጤትሽ እዚያ ካላደረሰሽ ደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነርሲንግ ተምረሽ፣ ከሠራሽ በኋላ በዓይን ሕክምና ተጨማሪ ሥልጠና መውሰድ ይቻላል። ረጅም ነው፤ ግን ከቤትሽ አትርቂም።

መነጽር ቤቱን አልንቀውም። ሌንስ መሞረድና ፍሬም ላይ መግጠም እንጀራ የሚያበላ የእጅ ሥራ ነው። ዓይን መመርመር ግን ሌላ ነው። ብር ከመክፈልሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ይህ ወረቀት የሙያ ፈቃድ ያሰጣል?» ከዓመታት በፊት ይህን ሳልጠይቅ አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ሥልጠና ልኬ፣ ይዞት የወጣውን ወረቀት የተቀበለው አልነበረም። እስካሁን መንገድ ላይ ሳገኘው አንገቴን እደፋለሁ። በነፃ ከሆነ ግን ክረምቱን እዚያ ብትውዪ አይጎዳሽም፤ ቢያንስ የመነጽር ማዘዣ ማንበብ ትለምጂያለሽ።

ወደ ቦሩ ሜዳ ስትሄዱ በማለዳ ተነሡ፤ ካርድ ማውጫው ላይ ሰልፍ አለ። ልጁ የሚወደውን አሻንጉሊት ያዥለት፤ ለምርመራውም ያገለግላል።