የጥብስ ቅጠልና በሶብላ በቤት ለማዘጋጀት የሚሆን መቀስና የሥራ ቦታ

ቡራዩ የሚኖሩ አንዲት አንባቢ በጓሯቸው የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላና ኮሰረት እያለሙ ከሁለት ታናናሽ እኅቶቻቸው ጋር ቤት ውስጥ አዘጋጅተው ለቅመም ነጋዴዎችና ለጥቂት ምግብ ቤቶች እንደሚያስረክቡ ጽፈውልኛል። በሳምንት ከ15 እስከ 20 ኪሎ የሚደርስ ርጥብ ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ። ቅጠል የሚያራግፉበት የልብስ ስፌት መቀስ ሥራ በጀመሩ በሩብ ሰዓት ውስጥ በሙጫ ተይዞ አልከፈት እንደሚላቸው፣ የመጨረሻዋ እኅታቸው ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ የሚሰማት ሕመም እንቅልፍ እየነሳት እንደሆነ፣ በሶብላውም በተቆረጠ በማግስቱ እንደሚጠቁርባቸው ይገልጻሉ። ከሥሩ ስለት ያለው፣ በእጅ የሚዞር የመከርከሚያ ገበቴ ቢገዙ ይበጃቸው እንደሆነም ጠይቀዋል። ይህችው እኅታቸው ግራኝ መሆኗን በአንድ ሐረግ ብቻ ጠቅሰው አልፈዋል፤ እኔን ግን ከደብዳቤው ሁሉ ይበልጥ የያዘኝ ይህ ሐረግ ነው።

ከገበቴው ልጀምርና፣ እኅቴ፣ ገንዘብዎን አያውጡበት። ይህ መሣሪያ የተሠራው ጠጠር ያለ ክብ የአበባ ራስን ለመከርከም ነው፤ አበባው በወንፊቱ ላይ ሲንከባለል በቀዳዳው በኩል ወደ ታች የሾለከውን ትርፍ ቅጠል ከሥር የሚዞረው ስለት ይቆርጠዋል፣ የሚፈለገው አበባ ከላይ ይቀራል። እርስዎ ግን የሚሸጡት ቅጠሉን ራሱን ስለሆነ መሣሪያው ከታትፎ የሚጥለው ገበያ የሚወጣውን ዕቃዎን ነው። የጥብስ ቅጠልም ሆነ የበሶብላ ሽታ ያለው በቅጠሉ ገጽ ላይ በተሰደሩ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ቅጠሉ በተቆረጠና በተጨመቀ ቁጥር ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፣ ዘይቱም ይተናል። ሥራ ላይ ሳሉ ክፍሉን የሚሞላው ደስ የሚል መዓዛ ከዕቃዎ ላይ የወጣ መዓዛ ነውና፣ በበረታ ቁጥር ሊያስደስትዎት ሳይሆን ሊያሳስብዎት ይገባል።

መቀስ ከመምረጥዎ በፊት መወሰን ያለበት፣ የትኛው ተክል በርጥቡ፣ የትኛው ደግሞ ደርቆ ይዘጋጃል የሚለው ነው። ለቅመም ነጋዴ የሚሄደውን የጥብስ ቅጠል ርጥብ ሳለ ከዘንጉ ላይ በመቀስ መልቀም ፈጽሞ አያስፈልግም። ከነቅርንጫፉ ሲደርቅ ቅጠሉ በእጅ ሲነካ ብቻውን ስለሚለቅ፣ አንድ ቀን ሙሉ በመቀስ የሚለቀመው በአጭር ጊዜ ይራገፋል። ኮሰረትም እንዲሁ ከነዘንጉ ደርቆ የሚሸመጠጥ ነው። ለምግብ ቤት የሚሄደው የጥብስ ቅጠል ደግሞ ከነዘንጉ ስለሚፈለግ፣ ከታች አራት ጣት ያህል ሸምጥጦ ጫፉን አስተካክሎ ማሰር ይበቃዋል። እንግዲህ ለትንሹ መቀስ የሚቀረው የበሶብላው ራስና የእስሩ ጫፍ ብቻ ነው። መቀስዎ በሩብ ሰዓት የሚታሰረውም ርጥቡን የጥብስ ቅጠል አንድ በአንድ ስለሚቆርጡበት ነው፤ የዚህ ተክል ሙጫ በርጥቡ ጊዜ እጅግ ይጣበቃል።

ለደረቀው የጥብስ ቅጠል የምጠቀምበትን ወንፊት በዝርዝር ልግለጽልዎት። ግንበኞች አሸዋ የሚነፉበትን ዓይነት የሽቦ መረብ፣ ቀዳዳው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ አዲሱን ገዝተው 60 በ80 ሴንቲ ሜትር በሆነ የእንጨት ፍሬም ላይ ያስወጥሩ፤ ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ልኩን ከነገሯቸው ይሠሩልዎታል። አሸዋ የተነፋበት አሮጌ ወንፊት ግን ምንም ቢታጠብ ሲሚንቶና ዝገት ስለማይለቀው ለምግብ አይሆንም። ፍሬሙን ከታች ንጹሕ ሸራ አንጥፈው በሁለት በርጩማ ላይ ያሳርፉትና፣ ጥቂት ቅርንጫፎችን በሁለት መዳፍዎ ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ሳይጫኑ ይሹ። መርፌ የመሰለው ቅጠል በቀዳዳው እየሾለከ ሸራው ላይ ይወርዳል፣ እንጨቱ እጅዎ ላይ ይቀራል። ድምፁን ያዳምጡ፤ በደንብ የደረቀው ሲታሽ ይንኮሻኮሻል፣ ያልደረቀው ግን ዝም ብሎ ይታጠፋል፣ እሱን ወደ መስቀያው ይመልሱት። የተሰበረ ጭራሮ አብሮ መውረዱ ስለማይቀር በሰፌድ ይንገዋለላል፣ ትቢያው ደግሞ በዱቄት ወንፊት ይነፋል። እናቶቻችን እህል ሲያበጥሩ የኖሩበት የእጅ ጥበብ ለዚህ ሥራ ከምንም መሣሪያ ይበልጣል፤ እናትዎ ወይም አክስትዎ በሕይወት ካሉ አንድ ቀን አስቀምጠው ይማሩባቸው። ብናኙ ጉሮሮን ስለሚከረክር አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል።

መቀስን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ይበቃዎታል። ጓሮ ውስጥ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ሞላ ያለው የመግረዣ መቀስ ይያዙ፤ ሲገዙም አንዱ ስለት ሌላውን አልፎ የሚሄደውን ይምረጡ እንጂ ስለቱ በጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚያርፈውን አይውሰዱ፣ ለምለሙን ዘንግ ይጨፈልቀዋልና። ለቤት ውስጡ ሥራ ደግሞ ስለቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጫፉ ሹል፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራና በለስላሳ ሞላ ራሱን የሚከፍት ትንሽ መቀስ ይሁንልዎት። የልብስ መቀስ ከባድ ከመሆኑም በላይ ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ በአውራ ጣት ተመልሶ መከፈት አለበት፤ ይህ በሰዓት ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ጣትን የሚያደክመው ከመቁረጡ ይልቅ መክፈቱ ነው። ሱቅ ውስጥ ሳሉ አንድ ሶፍት በውኃ አርጥበው በመቀሱ ጫፍ ይቁረጡት፤ ጥርት አድርጎ ከቆረጠው ጥሩ ነው፣ ካኘከው ወይም ከጎተተው ግን ምንም ያህል ቢያብለጨልጭ ይተዉት።

አሁን ወደ ግራኟ እኅትዎ ልምጣ። ገበያ ላይ ያለው ተራ መቀስ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። ቀኝ እጅ ሲጨብጠው የአውራ ጣትና የሌሎቹ ጣቶች ተፈጥሯዊ ግፊት ሁለቱን ስለቶች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ያው መቀስ በግራ እጅ ሲያዝ ያው ግፊት ስለቶቹን ያለያያቸዋል፣ ቅጠሉም ከመቆረጥ ይልቅ በመካከላቸው ይታጠፋል። ግራኝ ሰው ይህን ለማሸነፍ፣ ሳይታወቀው አውራ ጣቱን ከተፈጥሮው በተቃራኒ እየሳበ ይቆርጣል። በዚያ ላይ የላይኛው ስለት የሚቆረጥበትን ቦታ ስለሚከልለው አንገቱን ያጣምማል። ማሸጊያ ክፍል ውስጥ በምሠራበት ዘመን አንዲት ግራኝ ሠራተኛ ነበረችን፤ እጇ ዘገምተኛ ነው ብለን እስር እንድትቆጥር መደብናት። ከወራት በኋላ የግራ እጅ መቀስ ሲገኝ ከማንኛችንም ሳታንስ ሠራች። ያን ጊዜ ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ ገባን፣ ባለመጠየቃችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የእኅትዎ ሕመም ዋና ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ለግራ እጅ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ አንዳንዱ እጀታው ብቻ ተለውጦ ስለቱ የቀኝ ሆኖ ይቀራል። ጫፉን ወደ ፊት አድርገው ሲከፍቱት ከላይ የሚያርፈው በግራ በኩል ያለው ስለት ከሆነ እውነተኛ የግራ መቀስ ነው።

ሙጫውን የሚያስለቅቀው ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ነው። በትንሽ ብርጭቆ ጥቂት ቀድተው ጎንዎ ያስቀምጡ፣ ለአንድ ሰው ሁለት መቀስ ያዘጋጁና አንዱ ሲያጣብቅ ጫፉን ነክረው ሌላውን ያንሱ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በጨርቅ ሲጠርጉት ሙጫው አብሮ ይነሣል፤ መቀሱ በደንብ ሳይደርቅ ወደ ቅጠል አይመለስ። አልኮል በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ቡና ከሚፈላበት ምድጃ ወይም ከሰል ካለበት ክፍል ፈጽሞ ይራቅ። አልኮል ከሌለ የምግብ ዘይት ቀብቶ ጥቂት አቆይቶ መጥረግና በሳሙና ማጠብ ይቻላል። በረኪና ግን ብረቱን ይበላዋል፣ ሽታውም ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ብሎኑ ላይ ጠብ የሚደረገውም የምግብ ዘይት ይሁን እንጂ የሞተር ዘይት አይሁን። ስለቱ ሲዶለዱም ደግሞ በየሰፈሩ እየዞሩ ቢላ ለሚስሉ ሰዎች አይስጡት፤ መቀስ እንደ ቢላ አይሳልም። የሚሳለው ወደ ውጭ ተዳፍቶ የሚታየው ጠርዝ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ስለቶች የሚገናኙበት ጠፍጣፋ ውስጠኛ ገጽ አንድ ጊዜ በድንጋይ ከተፋቀ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠርና መቀሱ ዳግም አይቆርጥም።

ስለ ጠረጴዛው አጭር ልሁን። መሬት ላይ ሰፌድ ታቅፎ መሥራት ለአንድ ሰዓት ያስችላል፣ ለግማሽ ቀን ግን ወገብን ይጎዳል። ተቀምጠው ሲሠሩ የጠረጴዛው ገጽ ከክርንዎ ቁመት ጋር ይስተካከል፣ ክርኖችዎም በጎንዎ ይረፉ፤ ጠረጴዛው ከፍ ቢል ትከሻ ይሰቀላል፣ ዝቅ ቢል ጀርባ ይጎብጣል። ሦስታችሁ አንድ ቁመት ስለማትሆኑ ወንበሩን በትራስ ወይም በእግር መርገጫ ማስተካከል ይቀላል። መብራቱ ከሚቆርጠው እጅ በተቃራኒ በኩል ይምጣ፣ የእጅ ጥላ ቅጠሉ ላይ እንዳያርፍ ነው፤ ለግራኟ እኅትዎ ስለዚህ ከቀኝ በኩል ይሁንላት። በየ40 ደቂቃው ሥራ ተለዋወጡ፤ የቆረጠችው ትሰር፣ ያሰረችው ወንፊት ላይ ትቁም።

በሶብላውን የሚያጠቁሩት ብዙ ነገሮች ቢሆኑም ሁሉም የሚደርሱት በአንድ በኩል ነው፤ ቅጠሉ ሲጎዳ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይጠቁራል፣ ልክ የተቆረጠ ድንች እንደሚጠቁር። የዶለዶመ መቀስ ይጎዳዋል። መጠቅጠቅም ይጎዳዋል። ቅዝቃዜ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በሶብላ የቆላ ጠባይ ስላለው ከ10 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ይቃጠላልና፣ የጥብስ ቅጠል የሚወደው ፍሪጅ ለእሱ አይስማማውም። በእናንተም በእኛም አካባቢ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከዚህ በታች ስለሚወርድ በረንዳ ላይ ማሳደርም አይቻልም። ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ይቁረጡ፣ በዚያው ቀን የሚያዘጋጁትን ያህል ብቻ። ከዓመታት በፊት ሰበታ አካባቢ ባለ አንድ እርሻ፣ ከቀትር በኋላ የመጣን በሶብላ በሳጥን እስከ አፉ ጠቅጥቄ አሳድሬ ነበር። በማግስቱ እጄን ወደ መካከሉ ስሰድ ሊጥ እንዳደረበት ቡሃቃ ይሞቃል፤ ከላይ ያለው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ከመካከሉ ያለው ሁሉ ጥቁርና ሙልጭልጭ ሆኗል። የተቆረጠ ቅጠል ገና ስለሚተነፍስ ሙቀት ያወጣል፣ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ክምሩን ከውስጥ ያበስለዋል። ከዚያ ወዲህ በሶብላ ከአንድ ጫማ በላይ ከፍ ብሎ እንዲከመር አልፈቅድም፤ ቀዳዳ ባለው ቅርጫት ሳይጫን ተቀምጦ በየሰዓቱ ይገላበጣል።

ለማድረቅ ጥላና ነፋስ ያለበት ክፍል ይምረጡ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ ግን ከቀትር በኋላ ያለውን ሙቀት በቴርሞሜትር ይለኩ፣ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ዘይቱ ይተናልና መስኮት መክፈት ወይም ኮርኒስ ማበጀት ያስፈልጋል። መድረቁን ዘንጉ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ያውቁታል። ከማስረከብዎ በፊት አንድ እፍኝ በብርጭቆ ማሰሮ ከድነው ያሳድሩ፤ በማግስቱ የማሰሮው ግድግዳ ላይ እንፋሎት ከታየ ዕቃው ሁሉ ተመልሶ ይሰጣ፣ እንዲሁ ከታሸገ ይሻግታል።

ገንዘቡ አንድ ላይ ካልተገኘ በመጀመሪያ የእኅትዎን የግራ መቀስ፣ ቀጥሎ ወንፊቱን፣ ከዚያ የቀሩትን መቀሶች ይግዙ። የግራው መቀስ እስኪገኝ ድረስ እሷ ምንም ዓይነት መቀስ አትያዝ፤ ማሸትና ማንገዋለል የሁለቱን እጆች ጉልበት እኩል ስለሚያካፍል እዚያ ትሥራ። እንዲህ አርፋም ሕመሙ በሁለት ሳምንት ካልቀለላት፣ ወይም ጣቶቿን ማደንዘዝ ከጀመራት፣ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፤ ስትሄድም የያዘችውን መቀስ ይዛ እንዴት እንደምትቆርጥ ብታሳያቸው ለመርማሪው ብዙ ይረዳል።