ሙልታን ለመሄድ ሐሙስን አትምረጥ

«በእኛው አየር መንገድ ካራቺ ለሥራ እሄዳለሁ፣ ሁለት ቀን ትርፍ አለኝ፣ በፓኪስታኗ ሙልታን ያሉትን ሰማያዊ ዶሪሆች (የሙስሊም ቅዱሳን መቃብር ሕንፃዎች) ለማየት ይበቃኛል?» ላልከው ወንድም፦ ይበቃሃል፣ ከካራቺ በአውሮፕላን ከሄድክ። ባቡሩ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሁለቱንም ቀን ሐዲድ ላይ ትጨርሳቸዋለህ።

1. ሐሙስ አትሂድ። «የሐሙስ ማታውማ አይቅርብህ» የሚሉህ ዚያራውንና (የመቃብር ጉብኝቱንና) ቀዋሊውን (የሱፊ መንፈሳዊ ዜማውን) አስበው ነው፤ ለዚያ ልክ ናቸው። የግድግዳውን ሰማያዊ ሴራሚክ ልታይ ከሆነ ግን ከሰው ብዛት ግድግዳው ጋ አትደርስም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚያ ሁን። የሻህ ሩክነ ዓለም ዶሪህ ሴራሚክ እንደ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ልሙጥ አይደለም። ቁርጥራጮቹ ከጡቡ ወጣ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት፤ ቅርጹ የሚታየው ፀሐይ ከጎን ስትመታው፣ እያንዳንዷ ቁራጭ ጥላዋን ስትጥል ነው። ቀትር ላይ የደረሰ ሰው ሰማያዊ ቀለም አይቶ ይመለሳል።

2. ወፍራም ካልሲ ያዝ። ጫማ በር ላይ ይቀራል፣ ግቢው ደግሞ በግንቦትና ሰኔ እንደ ጋለ ምጣድ ነው። ሙልታን አራት ነገር ሞልቷታል የሚል የቆየ አባባል አለ፦ አቧራ፣ ሙቀት፣ ለማኝና መቃብር። አምስተኛው ጫማ ጠባቂው ነው። ቁጥር ይሰጥሃል፣ ስትወጣ ትከፍለዋለህ፤ ትልቅ ብር ከሰጠኸው «ዝርዝር የለኝም» ይልና ፊቱን ያዞራል። ትንንሽ ኖት ይዘህ ግባ። በር ላይ የሚለጠፍብህን አስጎብኚ ደግሞ ዋጋ ሳትቆርጥ አንድ እርምጃ አትከተለው።

የሩክነ ዓለም ሕንፃ ስምንት ጎን ነው፣ ከ1320 እስከ 1324 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተሠራ፣ ቁመቱ 35 ሜትር ገደማ። በጡቡ መሐል አግድም የሚዞረውን የእንጨት ማሰሪያ ልብ በል። በ1970ዎቹ ታድሶ በ1983 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። በእነዚህ አሮጌ ግንቦች ላይ አልፎ አልፎ ቅቡ የተላጠ ቦታ ታያለህ፦ እርጥበት ከመሬት ጨው ይዞ በጡቡ ይወጣል፣ ሲደርቅ ጨው ከቅቡ ሥር ይረጋና ገፍቶ ይጥለዋል። ለፎቶ ብለህ አትደገፍበት።

ብዙ ሰው የሚዘለው የሻህ ዩሱፍ ጋርዴዚን ዶሪህ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ቦሃር በር አጠገብ ነው። ጉልላት የለውም፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው ቤት ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሴራሚክ ነው፣ ዓይንህ ፊት። እዚያ አንገት ማንጋጠጥ የለም።

በሁለተኛው ቀን ኡች ወደምትባለው ከተማ ሂድ። መኪናውን «ጠብቆ የሚመልስ» ብለህ ተከራይ፤ መሄጃ ብቻ የተዋዋለ ሰው መመለሻ ፍለጋ ይንከራተታል። በ1494 የተሠራው የቢቢ ጃዊንዲ ዶሪህ ግማሹ በ1817 ጎርፍ ፈርሷል። በቆመው ግማሽ በኩል ዞረህ የተቆረጠውን ግድግዳ ከጎን እየው፦ ወፍራም ጡብ፣ ላዩ ላይ ስስ ሰማያዊ ቆዳ። ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይበላልና የመመለሻ በረራህን ማታ አድርገው።