ለተጣበቀው ፎቶ መልስ

እህቴ፣ የእናትሽ የሰርግ ፎቶ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣበቀብኝ ላልሽው፣ ከሁሉ በፊት እንዳትላጪው! ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እኔ የአያቴን ግማሽ ጉንጭ ያጣሁት እንደዚያ ነው። እንዳለ፣ ብርሃን እንዳያንጸባርቅብሽ ወደ ጎን እያደረግሽ፣ ከነመስታወቱ በስልክ አንሺውና አሳትመሽ ቅጂውን ስቀዪ።

ጥፋቱ የጅማ ዝናብ ነው። እዚህ ክረምት ሲገባ ጫማ እንኳ ይሻግታል፣ ፎቶ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ገጹ ይለሰልስና የነካው መስታወት ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ አዲሱን ስታስገቢ በፎቶውና በመስታወቱ መሃል ዙሪያውን የወፍራም ካርቶን ጠርዝ ይኑር። ፍሬም ቤት ያሉት ካርቶኑ አያስፈልግም ቢሉሽ አትስሚ። ከጀርባውም ታች በሁለቱ ጥግ የቡሽ ቁራጭ ለጥፊ፣ ከግድግዳው ትንሽ ሲርቅ አየር ያልፋል።

ፍሬሙን ከዋንዛ ብታሠሪው ደስ ይለኛል፣ የበርጩማ አገር ሆነን ፕላስቲክ መግዛታችን ይገርመኛል። ብቻ እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ ያለዚያ በበጋ ማዕዘኑ ይከፈታል። ግድግዳሽ ጭቃ ከሆነ ሚስማሩን ግድግዳው ውስጥ ያለውን እንጨት ፈልገሽ እሱ ላይ ምቺ፣ ምርጉ ብቻውን አይዝም። የፎቶው መሃል ከወለል 1.5 ሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ግን በፍጹም፣ ቀለሙ ይለቃል።